ሠራዊት የሚጠብቀውን አገር ሲበላ፦ ያልተጻፈው የመከላከያ ሒሳብ

ከሃቫና ስትሪት፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። የመከላከያ በጀት በተነሳ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን የምንጣላው በአንዲት ቁጥር ላይ ነው። በዛ ወይስ አነሰ? የመንግሥት ደጋፊው «አገር ለሚጠብቅ ሠራዊት ምን ቢሰጠው ይበዛበታል?» ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ «ሕዝብ እየተራበ ለጥይት!» ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም ወገኖች ሳይጠይቁት የሚያልፉት አንድ ጥያቄ አለ። ዛሬ ለሠራዊቱ የወጣ አንድ ብር ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስንት ብር ዕዳ ይዞ ይመጣል? ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ፈረንጆቹ ይህንን ጥያቄ በበጀት ውስጥ «ዘላቂነትን» ማካተት ይሉታል። ቃሉን በእርዳታ ድርጅቶች ስብሰባ ላይ ስንሰማው ስለኖርን ጆሯችን ሰልችቶታል። ለወታደራዊ በጀት ግን ትርጉሙ እንደ ጓዳ ሒሳብ ቀላል ነው። መኪና የሚገዛ ሰው የመኪናውን ዋጋ ብቻ አያስብም፤ ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ጋራዡን ያስባል። ታንክ የሚገዛ መንግሥትም ነዳጁን፣ መለዋወጫውን፣ የሚሠለጥንበትን መሬት፣ የሚቆስለውን ወታደር፣ በመጨረሻም ብረቱና መርዙ የሚወገድበትን ወጪ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት ማለት ነው። ካልጻፈው ወጪው ይጠፋል ማለት አይደለም። ከበጀት ሰነዱ ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ፣ ወደ ደኑ፣ ወደ ልጅ ልጆቻችን ትከሻ ይዛወራል እንጂ።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃቫና ስትሪት በአራት የጦር ሠፈሮች መካከል

የምኖረው ዴንቨርና አውሮራ በሚገናኙበት አካባቢ ስለሆነ የመጀመሪያውን ምሳሌዬን ከደጄ ላንሳ። ሃቫና ስትሪትን የኮሎራዶ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው፣ የሰርጉ አዳራሽ ጭቅጭቅና የአገር ቤት ፖለቲካው ሁሉ እዚያ አለ። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን ይህ ጎዳና በአራት የጦር ሠፈሮች መካከል የሚያልፍ መሆኑን ነው። በምዕራብ በኩል በ1994 የተዘጋው የሎውሪ የአየር ኃይል ሠፈር ነበር። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ልባቸውን ታመው የተኙበት የፊትዝሲመንስ የጦር ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ የአንሹትዝ የሕክምና ማዕከል ሆኗል። በምሥራቅ ቡክሌይ አለ፤ ከ2021 ጀምሮ የጠፈር ኃይል ሠፈር ተብሏል። ጎዳናውን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ደግሞ ጥቂት ማይሎች እንደነዳ የሮኪ ማውንቴን አርሰናል ከተባለው ሰፊ ሜዳ ይደርሳል። ዛሬ ጎሽና አጋዘን የሚታይበት የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ልጆቻችንን ይዘን ቅዳሜ የምንጎበኘው ሜዳ ማለት ነው።

ይህ ሜዳ በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል የኬሚካል ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሆኖ ተከፈተ። ሰናፍጭ ጋዝ ተመረተበት። በ1950ዎቹ ደግሞ ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ ተጨመረበት። ሼል ኩባንያ የፋብሪካውን ክፍል ተከራይቶ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሠራበት። ጊዜው የጦርነትና የቀዝቃዛው ጦርነት ጥድፊያ ነበርና ቆሻሻው የት ይሂድ የሚለውን በበጀት የያዘ አልነበረም። ዝቃጩ በጉድጓድና በኩሬ ይጣል ነበር። ርካሽ ነበር! በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሠፈሩ በስተሰሜን ያሉ ገበሬዎች «የመስኖ ውኃችን ሰብላችንን ገደለው» ብለው አቤት አሉ። በ1961 ሠራዊቱ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈረና በሚቀጥለው ዓመት ፈሳሽ መርዙን ወደ ምድር ሆድ ማስገባት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ እምብዛም የማታውቀው ዴንቨር በተደጋጋሚ ትንቀጠቀጥ ገባች። በ1966 ማስገባቱ ቢቆምም ትልቁ መንቀጥቀጥ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ነበር። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ማለት ይኸው ነው።

የሒሳቡ መዝጊያ ምን ሆነ? የኮሎራዶ መንግሥት በ1983 የራሱን አገር ጦር ሠራዊትና ሼልን ፍርድ ቤት ገተራቸው። በ1987 ቦታው በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉት ቦታዎች መዝገብ ገባ። ጽዳቱ በአብዛኛው የተጠናቀቀው በ2010 ሲሆን፣ ወጪው 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። የከርሰ ምድር ውኃውን የማጣራቱ ሥራ ግን ዛሬም አላበቃም። በጥድፊያ የተጣለው ቆሻሻ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብቆ ቢሊዮኖችን ጠየቀ።

አርሰናሉ ብቻውን አይደለም። በሎውሪ ሠፈር መሬት ላይ መኖሪያ ቤት ሲሠራ በ2003 በአፈሩ ውስጥ ከድሮ ሕንጻዎች የቀረ አዝቤስቶስ ተገኘ። ከዚህ ወደ ደቡብ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ አቅራቢያ ያሉት የፋውንቴን፣ የሴኪዩሪቲና የዋይድፊልድ ነዋሪዎች ደግሞ በ2016 የሚጠጡት ውኃ ከፒተርሰን የአየር ኃይል ሠፈር በመጣ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ኬሚካል መበከሉን ሰሙ።

ይህንን የምጽፈው አሜሪካ ጻድቅ ናት ለማለት አይደለም። የፔንታጎንን መጻሕፍት የመረመሩ ኦዲተሮች ሙሉ ምርመራ ከተጀመረበት ከ2018 ወዲህ አንድም ዓመት ንጹሕ አስተያየት አልሰጡም። በ2022 የአሜሪካ ምድር ጦር የአየር ንብረት ስትራቴጂ አወጣ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ አዲሱ የመከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት ይህንን ጉዳይ በስድብ ጭምር አጣጥለው መሥሪያ ቤታቸው እንደማይሠራበት ተናገሩ። ፖለቲከኛ ይመጣል ይሄዳል። ልብ በሉ፣ እኔ የምለው ሌላ ነው። ኮንግረስ በ1986 የጦር ሠፈሮች ጽዳት ራሱን የቻለ የበጀት መስመር እንዲኖረው በሕግ ደነገገ። የ2009 የመከላከያ ሕግ ደግሞ ሠራዊቱ መሣሪያ ለመግዛት ሲያቅድ የነዳጁን ሙሉ ዋጋ፣ ማለትም ነዳጁን እስከ ግንባር የሚያደርሰውን ቦቴና አጃቢውን ጭምር እንዲያሰላ አዘዘ። ሒሳቡ የተጻፈው ጄኔራሎቹ ደግ ስለሆኑ አልነበረም። የሚከስ ገበሬ፣ የሚያስፈርድ ፍርድ ቤት፣ የሚጽፍ ጋዜጣና በጀት የሚከለክል ምክር ቤት ስለነበረ ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ብትሉኝ አልከራከርም። ጥያቄዬ ግን፣ በእኛ አገር ይህንን ሒሳብ የሚያቀርበው ማን ነው?

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም

አንዳንድ ሰዎች ይህንን የፈረንጅ ቅንጦት ያደርጉታል። የራሳችንን ታሪክ ብንገልጥ ግን ከፈረንጁ ቀድመን የገባን ጉዳይ ነው። የድሮው ሠራዊታችን ስንቁን የሚያገኘው ካለፈበት አገር ነበር። ወታደሩ በገባሩ ቤት ተመርቶ ይበላል፣ በሬውን ያርዳል፣ አጥሩን ነቅሎ ያነዳል። አንድ ዘመቻ ያለፈበት ወረዳ ጠላት ከወረረው ወረዳ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነበር።

አጼ ቴዎድሮስ ይህንን አይተው ወታደሩ ደመወዝ እየተከፈለው ከገበሬው ላይ እንዲወርድ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሠራዊታቸው በጌምድርን እየዘረፈ ኖረ፤ ገበሬው ሸሸ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ከዚያ ሠራዊቱም ቀለጠ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ሲደርሱ ንጉሡ የቀራቸው ጦር በኃያልነታቸው ዘመን ከነበረው ጥቂቱ ነበር። ሠራዊት የሚበላውን አገር ሲጨርስ ራሱንም ይጨርሳል።

አጼ ምኒልክ ትምህርቱን ወሰዱ። በ1888 የከብት እልቂት ተነሳ፤ ከዚያም «ክፉ ቀን» ያልነው ረሃብ አገሩን ጠራረገው። ገበሬው ለራሱ የሚበላው አጥቶ ወታደር ሊቀልብ አይችልም። ስለዚህ በ1892 ንጉሡ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያስገባ፣ ወታደሩ ደግሞ ከገበሬው ቤት ወጥቶ ከጎተራው እንዲቀለብ አዘዙ። በተግባር ጉድለት ነበረበት፤ ወታደሩ ሁሉ ከገባሩ ጫንቃ አልወረደም። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር። የሠራዊቱ ወጪ ይታወቅ፣ ይለካ፣ ገበሬው ሊሸከመው ከሚችለው አይለፍ ማለት ነበር። እኔ እስከማውቀው በአገራችን የወታደራዊ በጀት ታሪክ የመጀመሪያው የዘላቂነት እርምጃ ይኸው ነው።

የማገዶው ነገርም አለ። አዲስ አበባ በአመሠራረቷ የጦር ሠፈር ነበረች። ሠራዊቱና ተከታዩ ዙሪያውን ያለውን ዛፍ ጨርሶ ሲያነደው ምኒልክ ከተማቸውን ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከተማይቱን ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። መኳንንቱ «ሠራዊቱ በዓመት ስንት እንጨት ያነዳል? ምድሩስ ስንት ያበቅላል?» ብለው ለመጠየቅ ተገደዱ። ዛሬ አራት ኪሎ ያሉት ጌቶች ይህንን ጥያቄ ለአንድ የጦር ካምፕ ጠይቀው ያውቁ ይሆን?

ሦስት ያልተጻፉ ሒሳቦች

አንደኛው ሒሳብ የመሣሪያ ዕዳ ነው። ደርግ በኦጋዴንና በሰሜን ጦርነቶች ከሶቭየት ኅብረት መሣሪያ በዱቤ አግዞ ሄደ። ዕዳው በቢሊዮን ዶላር ይቆጠር ነበር። ደርግ ወደቀ፣ ሶቭየትም ፈረሰች፣ ዕዳው ግን ቆሞ ቀረ። ሩሲያ አብዛኛውን የሰረዘችው በ2001 ነው። የታንኩ ብረት በየሜዳው ዝጎ ካለቀ በኋላም የታንኩ ዋጋ ኢትዮጵያን ይከተላት ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ወታደሩ ራሱ ነው። በ1991 ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ። ያገሩን ዳር ድንበር የጠበቀ መቶ አለቃ በአዲስ አበባ ጎዳና ሲለምን ያየ ሰው ይህንን አይረሳውም። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ ወደ 150 ሺህ ወታደር ወደ ቤቱ እንዲመለስ ተወሰነ። ለዚህ ሥራ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 170.6 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። ከፕሪቶሪያው የኅዳር 2022 ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ደግሞ 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት እመልሳለሁ ብሏል። የመጀመሪያው ዙር በመቀሌ የተጀመረው በኅዳር 2024፣ ማለትም ስምምነቱ ከተፈረመ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የመዘግየቱ ዋነኛ ሰበብ ተብሎ በተደጋጋሚ የተነገረውም የገንዘብ እጥረት ነበር። ሰው ለጦርነት ሲመለመል ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅም። ሲመለስ ግን ለጋሽ ይፈለጋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ!

ሦስተኛው ሒሳብ መሬቱ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ፈንጂ ቀባሪው ጦር ሄዶ ይረሳል፣ ገበሬው በበሬው እግር ያስታውሳል። ውጤቱ በ2004 የታወቀው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በተቀበረ ፈንጂ ሥጋት ሥር በሚገኙ መንደሮች ወደ 1.9 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖር ነበር። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የፀረ ሰው ፈንጂ እገዳውን ስምምነት አጸደቀች። መሬቱን አጽድታ እንድትጨርስ የተሰጣት ቀነ ገደብ 2015 ነበር፤ ወደ 2020 ተራዘመ፤ ከዚያም ወደ 2025። ይህ ሳያልቅ በኅዳር 2020 አዲስ ጦርነት ተነሳና በትግራይ፣ በአማራና በአፋር አዲስ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ተዘራ። ትግራይ ተራራዋን በእርከንና በደን በማዳን በ2017 ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት ያገኘች ክልል ናት። መብራት ተቆርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ ሕዝቡ በተከበበ ጊዜ ግን ለሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ዛፍ ማገዶና ከሰል ሆነ። ከበባውን ያቀደው መሥሪያ ቤት በሒሳቡ ላይ የዛፉን ዋጋ ጽፎት ነበር? የኦባሳንጆ ግምት በዚያ ጦርነት የሞተውን ሰው እስከ 600 ሺህ ያደርሰዋል። ለዚያ ምንም ዓይነት ሒሳብ አይበቃም።

ሜቴክ፦ ሠራዊቱ ነጋዴ ሲሆን

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለሜቴክ የተተረተ ይመስላል። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2010 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተፈቅዶለት፣ በመኮንኖች እየተመራ፣ ከታንክ ጥገና እስከ ስኳር ፋብሪካ፣ ከትራክተር እስከ ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ያልነካው ነገር አልነበረም። ጠያቂ ሲመጣ «የአገር ደኅንነት» የሚል አጥር ነበረው። በኅዳር 2018 የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኮርፖሬሽኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ተናገሩ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የግድቡ የብረታ ብረት ሥራ ከእጁ ተነጥቆ ነበር። ግድቡ የተመረቀው በመስከረም 2025 ነው፤ የባከነው ጊዜ ዋጋ ደግሞ በጨለማ ለኖረው ገበሬ ቤት ይጻፍ።

ለጽሑፌ ርዕስ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ያዩ ነው። በኢሉ አባቦር የሚገኘው የያዩ ደን የዓረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ብርቅ ስፍራ በመሆኑ ዩኔስኮ በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበው። በዚያው አካባቢ ድንጋይ ከሰል አውጥቶ ማዳበሪያ የሚያመርት ግዙፍ ፋብሪካ ለሜቴክ ተሰጠ። መሬት ተጠረገ፣ ነዋሪ ተነሳ፣ ቢሊዮኖች ወጡ። ማዳበሪያው ግን አልመጣም፤ ሥራው ከሜቴክ እጅ ወጣና ተንጠልጥሎ ቀረ። መንግሥት በነሐሴ 2025 ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነት ሲፈራረም «የያዩስ?» ብሎ የጠየቀ የምክር ቤት አባል ድምፅ አልሰማሁም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በ2002 ታውጇል። ሕጉ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ መንግሥት አካባቢውን የመንከባከብ ግዴታ አለበት ይላል። ይህም ነበር። ያልነበረው፣ ጄኔራሉን «ወረቀትህን አሳየኝ» የሚል ሲቪል ነው።

የበጀት አዋጁ ቁጥር ምን ይነግረናል?

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ሲጸድቅ ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን፣ ማለትም ከመቶ አራት እንኳ የማይሞላ ነበር። በጀቱ የጸደቀው ጦርነቱ ስምንተኛ ወሩን በያዘበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉልኝ! ግማሽ ዓመት እንደሄደ መንግሥት የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጠየቀና አገኘ፤ ትልቁ ድርሻም ለመከላከያ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከ786.6 ቢሊዮኑ 84 ቢሊዮን ለመከላከያ ተመደበ፤ ከመቶ አሥር በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከ801.65 ቢሊዮኑ 50 ቢሊዮን ሆነ፤ ከመቶ ስድስት ገደማ። የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም፣ ሲፕሪ፣ በ2022 የኢትዮጵያ ወታደራዊ ወጪ በአንድ ዓመት 88 በመቶ ዘልሎ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድረሱን ጽፏል።

ይህ እንደ ሙቀት መለኪያ ወጥቶ የሚወርድ ቁጥር የሚነግረን መንግሥት ለጦርነት እንደሚከፍል ብቻ ነው። ዕቅድ የሚባል ነገር አይታይበትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ 2023 አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቃታት። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀና በአጭር ጊዜ ውስጥ ከዶላር አንጻር ዋጋው ከግማሽ በታች ሆነ። ድሮኑ፣ የድሮኑ መለዋወጫ፣ የኦራሉ ነዳጅ ሁሉ በዶላር የሚገዛ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ርካሽ የመሰለው መሣሪያ ዛሬ በብር ሲመነዘር ሌላ ዋጋ አለው። የዕድሜ ልክ ወጪው አስቀድሞ ተሰልቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እናውቀው ነበር።

«ጦርነት ላይ ሳለን ስለ ዛፍ ታወራለህ?»

ይህንን ጥያቄ በሃቫና ስትሪት ቡና ቤቶች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ይጠይቀኛል። መልሴ አጭር ነው። ነዳጅ የማይቆጥብ ሠራዊት የሚሞተው በቦቴው አጠገብ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር የራሱ የአካባቢ ፖሊሲ ተቋም በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በ2007 አፍጋኒስታን ውስጥ በየ24ቱ የነዳጅ ቅፍለት አንድ ሰው ይሞት ወይም ይቆስል እንደነበር አስልቷል። እዚያ የፀሐይ ኃይልና የተሻለ ድንኳን የተፈለገው ለቢራቢሮ ታዝኖ ሳይሆን ለወታደሩ ነፍስ ነው። የእኛም ወታደር የገበሬ ልጅ ነው። ካምፑ ውኃውን ከመንደሩ ምንጭ ቢሻማ፣ እንጨቱን ከመንደሩ ደን ቢቆርጥ የሚጣላው ከእናቱ ዘመዶች ጋር ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ጦርነት በሚካሄድበት አማራ ክልል፣ በኦሮሚያም እንዲሁ፣ ይህ ጠብ ለታጣቂ መመልመያ እንደሚሆን ለማወቅ የጦር ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ምስጢር ነው። «የመከላከያ ሒሳብ ለጠላት አይነገርም» ይሉናል። የሚሳይል ብዛት አትንገሩን፤ አልጠየቅንም። ካምፕ ያቃጠለው ናፍጣ፣ የተኩስ ሜዳ የበከለው ጉድጓድ፣ የአካል ጉዳተኛ ወታደር ጡረታ የትኛው ጠላት የሚሻው ምስጢር ነው? ሜቴክን ያስታወሰ ሰው «ምስጢር» የሚለው ቃል ከጠላት ይልቅ ከኦዲተር ለመደበቅ ሲያገለግል እንደኖረ ያውቃል።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ ፋይዳ የለውምና በእኔ እምነት አሁን ባለው ሕግና አቅም ሊደረጉ የሚችሉ አምስት ነገሮችን ልዘርዝር።

1ኛ. ማንኛውም ትልቅ የመሣሪያ ግዢ ከዋጋው ጋር የዕድሜ ልክ ወጪው፦ ነዳጁ፣ ጥገናው፣ መለዋወጫው፣ የውጭ ምንዛሪውና ማስወገጃው ተሰልቶ ለምክር ቤቱ የውጭ ግንኙነትና ሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይቅረብ። አስፈላጊ ከሆነ በዝግ ስብሰባ ይሁን።

2ኛ. አዋጅ 299 የጦር ካምፕን፣ የተኩስ ሜዳንና የጦር ፋብሪካን ያለ አድልዎ ይመልከት። ግምገማው ያልቀረበለት ግንባታ በጀት አይለቀቅለት።

3ኛ. እያንዳንዱ እዝ የነዳጅ፣ የማገዶና የውኃ ፍጆታውን ይመዝግብ፤ ጠቅላላ ድምሩም በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

4ኛ. ለወታደር መመለሻ፣ ለጉዳተኞችና ለፈንጂ ማጽጃ የሚውል ገንዘብ ከመከላከያ በጀት በየዓመቱ በመቶኛ ይቀመጥ። ጦርነት የሚከፍት መንግሥት የጦርነቱን መዝጊያ ከለጋሽ መለመኑ ይብቃ።

5ኛ. የፌዴራል ዋና ኦዲተር በመከላከያ ስር ያሉ የንግድና የምርት ድርጅቶችን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ድርጅት ይመርምር፤ የአገር ደኅንነት የሚለው ሰበብ ለማዳበሪያ ፋብሪካ አይሥራ።

ኢትዮጵያ በ2027 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ «አረንጓዴ አሻራ» እየተባለ የሚተከለው ችግኝ በዚያ ጉባኤ መድረክ ላይ እንደሚቆጠር አትጠራጠሩ። ወታደሩም ችግኝ ሲተክል በቴሌቪዥን አይተናል፤ መልካም ነው። በ1997 የኪዮቶ ስምምነት ጊዜ ወታደራዊ ብክለት ከሒሳብ እንዲወጣ ተደረገ፤ በ2015 የፓሪስ ስምምነት ደግሞ ሪፖርቱ በፈቃደኝነት ሆነ። የዘርፉ ተመራማሪዎች በ2022 እንደገመቱት የዓለም ሠራዊቶች ከጠቅላላው የከባቢ አየር በካይ ጋዝ 5.5 በመቶ ያህሉን ይለቃሉ። ድሃ አገር የሆነችው አስተናጋጅ የራሷን ሠራዊት ሒሳብ ቀድማ በጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥ ታላላቆቹን ታሳፍር ነበር። ገዥዎቻችን ይህንን ያደርጋሉ ብዬ አልጠብቅም። እኛ ግን መጠየቅ እንችላለን።

በውጭ የምንኖር ወገኖች ሰልፍ መውጣትና ለኮንግረስ አባል ደብዳቤ መጻፍ ልምዳችን ነው። እስከ ዛሬ የጠየቅነው በአብዛኛው ጦርነቱ እንዲቆምና ጥፋተኛው እንዲጠየቅ ነበር፤ ተገቢም ነው። ከእንግዲህ ለአዲስ አበባ ገንዘብ የሚያበድሩትን የዓለም ባንክንና የዓለም ገንዘብ ድርጅትን ስናነጋግር «የመከላከያው ሙሉ ሒሳብ የት አለ?» የሚለውን እንጨምር። ነገ ሥልጣን የሚይዘው የእኛው ተቃዋሚ ቢሆንም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀው። የኮሎራዶ ገበሬ ውኃው ሲመረዝ የራሱን አገር ሠራዊት ጠየቀ፤ ስለጠየቀም ከሃዲ አልተባለም። የያዩ፣ የራያ፣ የጭፍራና የባድመ ገበሬ እንደዚያ ያለ ፍርድ ደጃፍ የሚያገኝበትን ቀን ያቅርብልን።

ኢትዮጵያ በክብር ለዘላለም ትኑር!